ሻንሲው ምን ይቀባ?

(ጠባብ ጋራዥ። የአባታቸው አሮጌ መኪና ተፈታትቷል፤ ሞተሩ ጥግ ላይ፣ የመኪናው የብረት አጽም፣ ሻንሲው፣ ብቻውን አራት በርሜል ላይ ተጋድሟል። ታላቅየው ሊቁ ይባላል፤ ስልኩ ከእጁ አይለይም። ታናሽየው ቀሰስ ነው፤ የሽቦ ብሩሽ ይዞ ሻንሲው ሥር ተንጋሏል።)

ሊቁ፦ «ብረት መተንፈስ አለበት!» ስንቴ ልንገርህ? ስንቴ!

ቀሰስ፦ ጋሼ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ተነፈሰ እኮ። አሁን ማሳል ጀምሯል። (አፉ ውስጥ የገባ የዝገት ብናኝ ይተፋል) ይኸው፣ እላዬ ላይ አሳለብኝ።

ሊቁ፦ እሱ ዝገት አይደለም።

ቀሰስ፦ ምንድን ነው ታዲያ?

ሊቁ፦ የብረቱ... ወዝ ነው። አየር ሲያገኝ ይወጣል።

ቀሰስ፦ ቅድም ወዙን ነካ ሳደርገው ጣቴ በወዲያ በኩል ወጣ።

ሊቁ፦ አንተ ምን ታውቃለህ! አባባ ቅዳሜ ከሆስፒታል ይወጣሉ። ያሉትን ረሳኸው? «ሻንሲዬን ከዝገት ያተረፈ ቁልፉን ይውሰድ!» አርባ ዓመት ሰው ያላስነኩትን መሪ! እኔ እኮ የመንጃ ጓንት ሁሉ ገዝቻለሁ።

ቀሰስ፦ አልረሳሁም። ለዚህ ነው እንቀባው የምለው።

ሊቁ፦ በምን?

ቀሰስ፦ በቀለም።

ሊቁ፦ (ከት ብሎ ይስቃል) በቀለም! የግቢ በር መሰለህ? አሁን የሰለጠነ ሰው የዱቄት ቀለም ነው የሚጠቀመው። ብረቱ ላይ ይነሰነስና ምድጃ ውስጥ ይጋገራል።

ቀሰስ፦ ምድጃው የት አለ?

ሊቁ፦ ዳቦ ቤቱን አናግሬዋለሁ።

ቀሰስ፦ ሻንሲው አራት ሜትር ነው እኮ፣ ጋሼ።

ሊቁ፦ ግማሹን አግብተን እንጋግራለን፤ ከዚያ አዙረን ግማሹን።

ቀሰስ፦ ዳቦ ጋጋሪው ምን አለህ?

ሊቁ፦ «የታመሙት አባትህ ናቸው ወይስ አንተ?» አለኝ። ያልገባው ሰው!

ቀሰስ፦ ሬንጅስ ብንቀባው?

ሊቁ፦ ፀሐይ ሲያገኘው ይለሰልሳል። የመንገዱን ጠጠር ሁሉ ለቅሞ ቤት ይገባል።

ቀሰስ፦ ሰምስ?

ሊቁ፦ መኪና ነው ወይስ ሻማ? ዝም በል፣ ላንብብበት! (ስልኩን በጣቱ ይገፋል) ይሄኛው ሰውዬ ዚንክ ይላል። ያኛው ደግሞ «ዚንክ ያለውን ሰውዬ አትስሙት» ይላል።

ቀሰስ፦ ስንተኛ ሰውዬ ላይ ደረስክ?

ሊቁ፦ መቶ አርባኛው ላይ። እያጣራሁ ነው!

(በንዴት ወደ ሻንሲው ቀኝ በኩል ይዞራል። ጎንበስ ብሎ ያያል። ጨርቅ አንስቶ ብረቱን ያብሳል። ብረቱ ጥቁር ሆኖ ያብረቀርቃል።)

ሊቁ፦ ወይኔ! ቀሰስ! ውጣ፣ ውጣ!

ቀሰስ፦ እየወጣሁ ነው።

ሊቁ፦ ነገ ልትደርስ ነው? እየው! የግራው እንደ ብስኩት ተፈርፍሯል፣ የቀኙ ግን ዛሬ ከፋብሪካ የወጣ ነው የሚመስለው! ሰኞ የሰጠሁህ የፀረ ዝገት ቅባት ጣሳ ነው ይሄን የሠራው! «ለሙከራ የቀኙን በዚህ ቀባው» አላልኩህም?

ቀሰስ፦ ብለኸኛል፣ ግን...

ሊቁ፦ ግን ብሎ ነገር የለም! ሳይንስ ነው! እንወራረድ፦ ክረምቱ ሲያልፍ የኔ ጣሳ የነካው ብረት ላይ አንዲት የዝገት ነጥብ ከተገኘች፣ መሪው ያንተ፤ እኔ እስክሞት ከኋላ ወንበር አልወርድም። ካልተገኘች ደግሞ አንተ።

ቀሰስ፦ ተወራርደናል። (እጅ ይማታሉ። ቀሰስ ከበርሜሉ ኋላ ጣሳውን ያወጣል) ጋሼ፣ ካቻቢቴ አቀብለኝማ።

ሊቁ፦ ምን ልታደርግበት?

ቀሰስ፦ ክዳኑን ልክፈተው። እስከዛሬ አልተከፈተም።

(ሊቁ ጣሳውን ነጥቆ አገላብጦ ያያል።)

ሊቁ፦ ታዲያ የቀኙ ምን ተቀብቶ ነው?

ቀሰስ፦ ምንም። አልደረስኩበትም። አንተ የግራውን ባንድ ቀን ፍቀህ፣ በሳሙና አጥበህ፣ «ይተንፍስ» ብለኸው ሄድክ። እኔ ያንተን ወዝ ስፍቅ ሦስት ሳምንት አለፈኝ።

ሊቁ፦ የሚያብረቀርቀውስ?

ቀሰስ፦ የአባባ ሞተር ዘይት ነዋ። አርባ ዓመት በግራም በቀኝም ሲያንጠባጥብ፣ አቧራ ሲለጠፍበት፣ መልሶ ሲያንጠባጥብ የኖረ። «መኪና መያዝ እንኳ አያውቁም» እያልክ የምትስቅባቸው።

ሊቁ፦ (ላቡን እየጠረገ) ማንጠባጠቡ... ማለቴ ሞተሩ...

ቀሰስ፦ ምን ሆነ?

ሊቁ፦ ትናንት መካኒክ አምጥቼ አስደፈንኩት። «ካሁን በኋላ አንዲት ጠብታ አታይም» ብሎ ማለልኝ።

ቀሰስ፦ እንኳን ደስ ያለህ።

ሊቁ፦ ውርርዱ እንዳለ ነው! የግራውን አሁኑኑ በጣሳዬ እቀባዋለሁ፤ አንተ የቀኙን ከነእድፉ ተወው። ክረምቱ ይፍረደን!

ቀሰስ፦ ይፍረደን። ቁልፉስ ቅዳሜ?

ሊቁ፦ ክረምቱ እስኪፈርድ አባባ ኪስ ይቆይ።

(ቀሰስ ሻንሲው ሥር ተመልሶ ይገባል። ሊቁ ብሩሽ ያነሳል። ዞር ዞር ብሎ አይቶ፣ መካኒኩ ትቶት የሄደውን የተቃጠለ ዘይት ሳፋ በእግሩ ቀስ አድርጎ ይስባል። ብሩሹን እስከ እጀታው ይነክረዋል።)

ቀሰስ፦ (ከሥር) ጋሼ፣ ጣሳው በወዲያ በኩል ነው።

ሊቁ፦ አርፈህ ሥራህን ሥራ! ጣሳው መጀመሪያ መተንፈስ አለበት።