የመካከለኛዋ ሣጥን ጉዳይ

የሳን ኢግናሲዮ ሪፐብሊክ ፕሬዚዳንት አማካሪዎች አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ማርች 12። ቦታ፦ ቤተ መንግሥት፣ ሁለተኛ ፎቅ። ለ3 ሰዓት ተጠርቶ 4፡30 ተጀመረ።

የተገኙ፦
1. ዶን ሊሳንድሮ ባራሆና፣ ዋና አማካሪ (የፕሬዚዳንቱ ልጅ ክርስትና አባት)፣ ሰብሳቢ
2. ጡረተኛ ጄኔራል ባልዶሜሮ ኡሩቲያ፣ የጸጥታ አማካሪ
3. ዶክተር ፋቢያን ኢስኮቶ፣ የውጭ ጉዳይ አማካሪ
4. ሳቢና ኬሳዳ፣ ፀሐፊ፣ ድምፅ የማትሰጥ

ሦስቱ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ፀሐፊዋ አልተቆጠረችም።

አጀንዳ 1፦ የጎረቤት አገር ባሕር ኃይል የያዛቸው ስድስት ዓሣ አጥማጆች

ፀሐፊዋ ከስድስቱ አንዱ ወንድሟ ኢላሪዮ መሆኑን አስመዘገበች። ሰብሳቢው «አይዞሽ ዶኛ ሳቢና፣ እኛ እያለን!» አሏት። የጎረቤት አገር ሚኒስትር «ፕሬዚዳንታችሁ ስልክ ብቻ ይደውሉ፣ ሰዎቹን ዛሬውኑ እንለቃለን» ማለታቸው ተነበበ። ተነብቦም ታለፈ።

አጀንዳ 2፦ ለፕሬዚዳንቱ የሚቀርበው ወረቀት

እንደተለመደው አንድ ገጽ፣ ሦስት አማራጭ፣ ሦስት ሣጥን እንዲሆን ተወሰነ። ፕሬዚዳንቱ በስድስት ዓመት ውስጥ ከመካከለኛዋ ሣጥን በቀር በሌላ ላይ ምልክት አድርገው ስለማያውቁ፣ ክርክሩ መካከል ላይ ምን ይግባ የሚል ሆነ።

ጄኔራሉ የጦር ጀልባ መላክ መካከል ይግባ አሉ። ጀልባዋ ልከኛ እንድትመስል ከበላይዋ «ዋና ከተማቸውን በአውሮፕላን መደብደብ» እንዲጻፍ ጠየቁ። ዶክተሩ ያለን አውሮፕላን አንድ መሆኑን፣ እሱም ጎማ እንደሌለው አስታወሱ። ጄኔራሉ «አንተ ሰውዬ፣ ይጻፍ አልኩ እንጂ መቼ ይብረር አልኩ?» ሲሉ መለሱ። ዶክተሩ በበኩላቸው የተቃውሞ ደብዳቤ መካከል ይግባ፣ ከሥሩ ደግሞ «ደሴታችንን አስረክቦ ይቅርታ መጠየቅ» ይጻፍ አሉ። ጄኔራሉ ዶክተሩን «ቴምብር ላሽ» ብለዋቸዋል። ዶክተሩም «ያቺ ጀልባህ ሰርግ እንጂ ጦርነት አይታ አታውቅም» ብለዋል። ይህ ከቃለ ጉባኤው ይውጣ ተብሎ ነበር፤ ሳይወጣ ቀረ።

ፀሐፊዋ እጇን አውጥታ «ስልኩስ መካከል ቢገባ?» ስትል ጠየቀች። ጄኔራሉ «ስልክማ ማንም ይደውላል፤ ታዲያ አማካሪ ምን ሊሠራ ነው?» አሉ። ሰብሳቢው ይህን ጥልቅ አስተያየት ብለውታል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ሁለቱም ሐሳብ መካከል እንዲገባ፣ ሣጥኖቹም አራት እንዲሆኑ ተወሰነ። ከምሳ በኋላ (የተጠበሰ ሙዝና ዓሣ፤ አጥማጆቹ ስለታሰሩ ዓሣው ከውጭ የመጣ) ከአራት ሣጥን መካከለኛ እንደማይገኝ ስለታወቀ፣ አምስት ሆኑ። አምስቱ አንድ ገጽ አልበቃቸውም። ፊደሉ ይነስ ተባለ። ፕሬዚዳንቱ መነጽር ስለማይወዱ ተመልሶ ተለቀ።

አጀንዳ 3፦ ድንገተኛ ጉዳይ

በ9 ሰዓት የወደብ ፖሊስ ደወለ። የዓሣ አጥማጆቹ ሚስቶች በራሳቸው ጀልባ ተሻግረው፣ የጎረቤት አገሩን ባሕር ኃይል አዛዥ በጩኸት መግቢያ አሳጥተው፣ ስድስቱንም ይዘው መመለሳቸውን ተናገረ። ፀሐፊዋ እንባዋን ስትጠርግ ጥቂት ቃላት አልተመዘገቡም። ጄኔራሉ «ማን ፈቀደላቸው?» ሲሉ ጮኹ። ዶክተሩ በዕለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጄኔራሉ ጋር ተስማሙ።

ውሳኔ፦ ከላይ የተወሰነው ሁሉ በሙሉ ድምፅ ተሽሯል። ወረቀቱ እንደገና በሦስት ሣጥን ይዘጋጃል። ፕሬዚዳንቱ መካከለኛዋ ላይ ምልክት እስኪያደርጉ ድረስ ስድስቱ ሰዎች እንዳልተለቀቁ ይቆጠራሉ።

ስብሰባው በ10፡20 ተበተነ። በውሳኔው መሠረት እስካሁን ታስሮ ያለው ወንድሟ ቤት ቁጭ ብሎ ራት ስለሚጠብቅ፣ ፀሐፊዋ ፈርማ ወጥታለች።