እህቴ ቁልፍ ጠፍቶባት አያውቅም

ቁልፍ የሚጥል ሰው የሌለበት ቤተሰብ የለም። "የእኛ ቤት የለም" የሚል ካለ፣ ጣዩ እሱ ራሱ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ሰው ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በር ላይ ቆሞ ኪሱን በሁለት እጁ ይደበድባል፣ ቦርሳውን መሬት ላይ ይዘረግፋል፣ ከዚያ የተቀመጠውን ሁሉ ከመቀመጫው አስነስቶ "ማን ነካው?" ይላል። ጥፋቱ የእሱ ሆኖ አያውቅም። እሱ ባለበት አለ፤ የሚሄደው ዕቃው ነው።

በእኛ ቤተሰብ ይህንን ከፍተኛ ኃላፊነት የያዘችው ክብርት ታላቅ እህቴ ናት። አዋላጅ ነርስ ናት፤ በሰፈራችን ጤና ጣቢያ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሠርታለች። ሰው ሁሉ "ሲስተር" ይላታል፣ እኔ "እትዬ" እላታለሁ። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽር ትፈልጋለች። በስልክ እያወራችን "ቆይ፣ ስልኬን አጣሁት" ብላ ትዘጋብናለች። "ጠፋብኝ" የሚለው ቃል ግን ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። "አልጠፋም" ትላለች ኮስተር ብላ፤ "ያለበትን አላወቅኩም እንጂ።" በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ለዓመታት አስረድታኛለች፤ እኔ ግን ዛሬም አልገባኝም።

የድሮ መኪናዋ ደግ ነበረች። ቁልፍ ሲጠፋ ጥግ ላይ ያለው ቁልፍ ቀራጭ ቆማ እየጠበቀችው ሌላ ይቀርጽላት ነበር። አንዴማ በመቀስ አስነስታታለች፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ችግሩ የመጣው ያቺ መኪና አርጅታ በትንሽ ሰማያዊ መኪና ስትተካ ነው። የዚህችኛዋ ቁልፍ እጀታው ውስጥ የሩዝ ፍሬ የምታህል ቺፕ አለችው። መኪናዋ ያቺን ቺፕ ካላወቀቻት በሩ ቢከፈትም ሞተሩ አይነሳም። ሌባ እንዳይወስዳት የተሠራ ብልሃት ነው። የሠሩት ሰዎች ግን ሌባን እንጂ እህቴን አላሰቡም።

የመጀመሪያው ቁልፍ የሄደው ከአራስ ጋር ነው። እትዬ አንዱን ሕፃን ጠቅልላ ለእናቱ ስታስታቅፍ፣ በእጇ የነበረውን የመኪና ቁልፍም አብራ ጠቀለለችው። ይህን ያወቅነው በኋላ ነው። በወቅቱ በቀጥታ ወደ ጥጉ ቁልፍ ቀራጭ ሄዳ፣ እሱም በለመደው መንገድ የበሩን መቆለፊያ አይቶ ብረት ቀረጸላት። በሩ ተከፈተ። እትዬ በድል አድራጊነት ገብታ አስነሳች፤ ሞተሩ ሁለት ሰከንድ አጉረምርሞ ጠፋ። ደግማ አስነሳች፣ ደግሞ ጠፋ። ፊት ለፊቷ የቁልፍ ምስል ያላት ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። እህቴ መሪውን በመዳፏ መታ መታ አደረገችና መኪናዋን ተቆጣቻት፤

"እኔ ነኝ እኮ!"

መኪናዋ አላመነችም። በመጨረሻ የቺፕ ቁልፍ የሚሠራ ባለሙያ ተጠርቶ ሁለት አዳዲስ ቁልፎች አበጀላትና "አንዱን መጠባበቂያ ያድርጉት" ብሎ መክሯት ሄደ። በሳምንቱ የሕፃኑ አባት ቁልፉን በመሀረብ ጠቅልሎ ጤና ጣቢያ መጣ። "ሲስተር" አላት፣ "ልጃችን መኪና ይዞ ነው እንዴ የተወለደው?" ቁልፉን በደስታ ተቀበለችው። ነገር ግን ባለሙያው አዲሶቹን መኪናዋ ላይ ሲመዘግብ የድሮውን ሰርዞት ስለነበር፣ እሱም በር ብቻ የሚከፍት ሆኖ ቀረ።

ሁለተኛውን ቁልፍ፣ ማለትም መጠባበቂያውን፣ "እንዳይጠፋ ደህና ቦታ አስቀምጬዋለሁ" አለችን። ደህና ቦታ! ይህን ቃል ስንሰማ የቤተሰባችን ሰው ሁሉ ፊቱ ይለዋወጣል። ያለፉ መታወቂያዎች፣ የክትባት ካርዶች፣ አንድ የጆሮ ጌጥ፣ ሁሉም ደህና ቦታ ናቸው። አንድ ቅዳሜ ሙሉ ፈለግን። ሶፋ ተገለበጠ፣ ቁም ሣጥን ከግድግዳ ተላቀቀ፣ የጣሳው ዱቄት ሳይቀር በወንፊት ተነፋ። ልጇ ተስፋ የቆረጠችበትን የትምህርት ማስረጃ አገኘች። እኔ ዓመት ሙሉ ሰው የጠረጠርኩበትን የእጅ ሰዓቴን አገኘሁና በሆዴ ይቅርታ ጠየቅሁ። ቁልፉ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ደህና ቦታ ነው።

ሦስተኛውና የመጨረሻው ቁልፍ ባለፈው ወር፣ ከአንድ ረጅም ምጥ በኋላ፣ ከማዋለጃ ክፍል እስከ መኪና ማቆሚያው ባለው ሠላሳ እርምጃ ውስጥ ተሰወረ። የጋውን ኪስ፣ የጓንት ካርቶን፣ የቆሻሻ ቅርጫት፣ ሁሉም ታየ። የለም። መኪናዋ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ እንደቆመች ቀረች።

በዚያው ቀን የእህቴ ልጅ ደወለችልኝ። ድምጿ የቀልድ አልነበረም።

"አጎቴ፣ አሁንስ ፈራሁ። እማዬ መርሳት ጀምራለች።"

"ድሮስ መቼ አስታውሳ ታውቃለች?" አልኳት ለማሳቅ።

"አታሹፍ። በዓመት ሦስት ቁልፍ! ነገ መንገድ ላይ እያለች ቤቷን ብትረሳውስ? ሥራዋስ? እሷ እጅ ላይ ያለው እኮ የሰው ነፍስ ነው። መኪናው ይሸጥ፣ ጡረታም ትውጣ። እኔን አትሰማኝም፤ አንተ ንገራት።"

ስልኩን ዘግቼ ብዙ አሰብኩ። እትዬ እኔን ስትጠራ መጀመሪያ የወንድሞቻችንን ስም ሁሉ፣ አንዳንዴም የጎረቤቱን፣ ጠርታ ነው እኔ ጋ የምትደርሰው። ያስቀኝ ነበር። ያን ቀን ግን አላሳቀኝም። አባታችንንም መጨረሻው አካባቢ መርሳት ሲጀምረው እንዲሁ በስም ነበር። ስለዚህ "እሺ፣ እነግራታለሁ" አልኩ፤ የምናገረውን ቃል በቃል አጠናሁ፤ በማግስቱ ጠዋት አብሬያት ወደ ጤና ጣቢያው ሄድኩ።

የመጀመሪያው ባለሙያ ሌላ ከተማ ስለሄደ አዲስ ሰው ነበር የጠራነው። ላፕቶፕ፣ ገመድና ትንሽ የብረት ሳጥን ይዞ መጣ፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ በራሱ የሚተማመን፣ ትንሽም ምክር የሚወድ። የሁለት አዳዲስ ቁልፎችን ብረት ቀርጾ ጨረሰና በሩን ከፈተ።

"ማዘር፣ ያሉዎትን ቁልፎች በሙሉ ያምጡልኝ" አለ። "አሁን እዚህ የሌለ ቁልፍ ከመኪናው ይሰረዛል።"

"ለምን ይሰረዛል? አልጠፉም እኮ።"

"የት ናቸው ታዲያ?"

"አሉ" አለች እትዬ።

ልጁ ወደ እኔ ዞረ፤ እኔ ወደ ሰማይ አየሁ።

"ለእርስዎ ብዬ ነው" አላት። "ያገኘው ሰው መኪናዎን አስነስቶ እንዳይሄድ።"

"ማን ነው የሚሄደው? የዚህ ሰፈር ሰው ሁሉ የኔ ልጅ ነው።"

ተከራክሮ እንደማያሸንፋት ገባው መሰለኝ፣ ከመሪው ሥር ጎንበስ ብሎ ገመዱን ሰካና ላፕቶፑን መቀመጫው ላይ አደረገ። "አሁን አሥር ደቂቃ መጠበቅ ነው፤ ምንም ነገር እንዳይነኩ" አለ። ከዚያ ምክሩን ቀጠለ። "ይቅርታ ያድርጉልኝና ማዘር፣ ማስታወስ ካቃተዎት በክር አድርገው አንገትዎ ላይ ያንጠልጥሉት። እናቴ መቀሷን እንደዚያ ነው የምታደርገው።"

"ማስታወስ ካቃተዎት" ሲል፣ ሰዓቱ ደርሷል ብዬ ጉሮሮዬን ጠራረግሁ። "እትዬ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ..."

በእጇ ዝም አሰኘችኝ። መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ፣ አሁንም ጎንበስ ያለውን የልጁን ማጅራት ታያለች። ከጆሮው ጀርባ ቀላ ያለች፣ ሳንቲም የምታህል ምልክት አለች።

"እናትህ ልብስ ሰፊ ናት?" አለችው።

"አዎ። ያውቋታል?"

"መርፌ በከንፈሯ ይዛ ነው የምታወራው።"

ልጁ ቀና ሲል ጭንቅላቱ ከመሪው ጋር ተጋጨ።

"እግርህን አስቀድመህ ነው የመጣኸው" አለች እህቴ፣ ትናንት የሆነ ነገር እንደምትነግረው። "ረቡዕ ነበር፣ ከምሳ በፊት። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ እርስ በርስ መሰማማት አቅቶናል። ሁለት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ። ስትወጣ ሰማያዊ ሆነህ ነው የወጣኸው፤ አላለቀስክም። ጀርባህን አሸሁ፣ ውስጥ እግርህን መታሁ፣ ምንም። እናትህ 'ለምን ዝም አለ?' ትለኛለች፣ እኔ 'እያሰበ ነው' እላታለሁ። ከዚያ አስነጠስክ። ስታለቅስ ደግሞ ማን ያቁምህ! ያቺን ምልክት ከጆሮህ ጀርባ ያየኋት ሳጥብህ ነው።"

ልጁ ስልኩን አወጣና ደወለ፤ ድምጹን ለሁላችንም ከፈተው።

"እማዬ፣ ስወለድ ስንት ኪሎ ነበርኩ?"

"ምን?" የስፌት መኪና ድምጽ ይሰማል። "ምን ሆንክ አንተ? አሞሃል?"

"ደህና ነኝ። ንገሪኝ ዝም ብለሽ።"

"ሁለት ከዘጠኝ መቶ። ለምን?"

"ያዋለደችኝ ሲስተር እዚህ ናት።"

የስፌት መኪናው ቆመ። ከዚያ የሴትየዋ ድምጽ ተለውጦ መጣ። "አለች? በሕይወት አለች? ስጠኝ፣ ስጠኝ!"

እህቴ ስልኩን ተቀብላ ዘወር አለች። ሲያወሩ፣ ሲሳሳቁ አሥሩ ደቂቃ አልፎ ሌላ አሥር ተጨመረ። ልጁና እኔ የመኪናዋን ጎን ተደግፈን ቆመናል። "በሕፃንነቴ ነው ከዚህ ሰፈር የለቀቅነው፤ ያን ቀን የሲስተር የአዳር ተራ አልቆ ነበር አሉ" አለኝ ቀስ ብሎ። "እናቴ ሁልጊዜ ትናገራለች። ጋውኗን አውልቃ ከበር ነው የተመለሰችው።" ዓይኑን በክንዱ ጠረገና ወደ ላፕቶፑ ተመለሰ። ሁለቱን ቁልፎች በየተራ አስገባ። ቀይዋ መብራት ጠፋች፤ ሞተሩ ተነሳ፤ ሳይቆም ቀጠለ።

ሲሄድ ቁልፎቹን በሁለት እጁ ነው ያቀበላት። ምክር አልነበረም። "በማንኛውም ሰዓት ይደውሉልኝ፣ እመጣለሁ" ብቻ አላት።

እኔን ወደ ቤት ልታደርሰኝ ተሳፈርን። ያጠናሁት ንግግር አፌ ውስጥ ነበር፤ ግን ከየት ልጀምረው? ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ያዋለደቻቸውን ልጆች ኪሎ፣ ቀንና ማስነጠስ የያዘ ጭንቅላት፣ ለቁልፍ የሚሆን ባዶ ቦታ ከየት ያመጣል?

"እኔንስ ታስታውሺኛለሽ?" አልኳት። "ስወለድ።"

"አንተን? ስድስት ዓመቴ ነበር። ስታለቅስ ጎረቤት ሁሉ መጣ። እኔ ለእማዬ 'ይሄኛው ይመለስ' አልኳት።" ሳቀች። "ከዚያ ጣቴን ያዝከኝና አልለቅ አልክ። እሺ ይቀመጥ ብዬ ተውኩህ።"

መንገዱ ላይ ሁለት ሴቶችና አንድ ሹፌር "ሲስተር!" እያሉ እጃቸውን አወዛወዙላት። ለሁሉም ጡሩምባ ነፋች። ያን ጊዜ ስልኬ ጮኸ። የእህቴ ልጅ ናት።

"አጎቴ፣ ነገርካት?"

እትዬን በጎን አየኋት። ሁለት እጇን መሪው ላይ አድርጋ የሆነ ነገር ታንጎራጉራለች።

"ውይ" አልኩ። "ረሳሁት።"

"ምን ማለት ነው ረሳሁት? ለዚህ አይደል እንዴ አብረሃት የሄድከው? አጎቴ!"

ስልኩን ዘጋሁ።

"ምኑን ነው የረሳኸው?" አለች እትዬ።

"አንድ መልእክት ነበር። ይቅር።"

"አይ አንተ!" ማርሽ እየቀየረች በሐዘኔታ ራሷን ነቀነቀች። "በዚህ ዕድሜህ! ጻፈው፣ የኔ ወንድም። እኔን አትይ፤ ሰው ሁሉ እንደኔ አይደለም።"

"እሺ እትዬ" አልኩና መስኮቱን ከፍቼ ነፋሱን ተቀበልኩ።