አንደኛ ደረጃ ጓርኒሲዮን

ከጅማ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቆ በሚገኝ አንድ የቡና ገበሬዎች ማኅበር ውስጥ ለትውልድ የሚተርፍ ውሳኔ ተወስኗል። ውሳኔው ስለ ጓርኒሲዮን ነው። እንግዲህ ጓርኒሲዮን ማለት በሞተሩና በጭስ ማስወጫው መሃል ገብታ ጭሱ በጎን እንዳያፈተልክ የምትይዝ ስስ ነገር ናት። ዕቃዋ ስስ ብትሆንም ውሳኔው ወፍራም ነበር፤ ቃለ ጉባኤው ብቻ አሥራ አንድ ገጽ ወጥቶታል።

ነገሩ እንዲህ ነው የጀመረው። የማኅበሩ ሾፌር ሸኩር የዘንድሮውን የቡና ናሙና በቢሮው መኪና ጅማ ወሰደ። ደረጃ የሚያወጡት ቀማሾች አንዴ ፉት አሉና ተያዩ። "ቡናችሁ ጭስ ጭስ ይላል" ብለው መለሱት። ቡና ደግሞ አጠገቡ ያለውን ሽታ ሁሉ ይጠጣል። የመኪናው ጓርኒሲዮን ተበልታ ጭሱ ጋቢና እየገባ፣ ናሙናው መንገዱን ሙሉ ሲታጠን ነው የሄደው። ሁለተኛ ናሙና እስከ ዓርብ ካልደረሰ፣ ወይ ደርሶም ከሸተተ፣ የማኅበሩ ቡና በሙሉ ዝቅተኛ ደረጃ ሊባል ነው። እዚያ ቡና ውስጥ ደግሞ የሸኩር ሚስት አፊፋ ሦስት ሳምንት ሙሉ ፀሐይ ላይ እያገላበጠች ያደረቀችው አለበት።

"እኔ ወገቤ እስኪቆረጥ የደከምኩበት የናንተን መኪና ይሽተት?" አለችው። "ማሎ ሸኩር፣ አንድ ነገር አድርግ።"

"አብሽሪ፣ የግማሽ ቀን ሥራ ነው" አላት። ምስኪን፣ ኮሚቴ እንደሚቋቋም የት ያውቃል።

የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ አቶ ገብረሥላሴ አርቀው የሚያዩ ሰው ናቸው፤ ቅርብ ያለውን ለማየት ጊዜ የላቸውም። "ጥራት በዘፈቀደ አይመጣም" አሉና የጓርኒሲዮን መረጣ ዐቢይ ኮሚቴ አቋቋሙ። ሰብሳቢው ራሳቸው፣ ጸሐፊዋ ደግሞ የቡና ጥራት ባለሙያዋ ሔራን።

የጅማው ቦሳ ኪቶ ሰፈር መካኒክ አብዱልፈታሕ ከሄርማታ ገበያ ሁለት ጓርኒሲዮን ገዝቶ መጣ። አንዱ ድርብርብ ብረት ነው፣ አንዱ ጥቁር ሆኖ ውስጡ ቆርቆሮ ያለው። ለሌላ ሥራ የያዘው፣ ገና ያልተቆረጠ የጓርኒሲዮን ካርቶንም በብብቱ ነበር። ሁሉንም ኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ አኖረው።

"የቱ ይሻላል?" አለው ሸኩር በሹክሹክታ።

"ብረቱ። ሙቀት ይችላል። አንዴ ካሰርኩልህ እርሳው።"

ኮሚቴው ግን በመካኒክ ስሜት አይመራም። ማኅበሩ ያለው መመዘኛ አንድ ነው፣ እሱም የቡና ነው፤ በእሱ ለመመዘን ተነሡ። ሔራን አሸተተች፣ ወደ መስኮቱ አንስታ አየች፣ ከዚያ ጉድለት መቁጠር ጀመረች።

"ብረቱ አሥራ ሁለት ቀዳዳ አለው። ጥቁሩም አሥራ ሁለት።"

"ነቀዝ ነው?" አሉ አቶ ገብረሥላሴ።

"ጌታዬ፣ ሲሠራም እንደዚያው ነው" አለ አብዱልፈታሕ። "ስምንቱ የቡሎን ነው፣ አራቱ ትልልቆቹ ጭሱ የሚያልፍባቸው።"

አቶ ገብረሥላሴ መነጽራቸውን አወለቁ። "ጭሱን የሚያሳልፈው ይሄ ነው ማለት ነው?"

"ማለፍ አለበት እኮ።"

"ወንድሜ፣ እኛ የተሰበሰብነው ጭሱ እንዳያልፍ ነው።"

አብዱልፈታሕ ሸኩርን አየው። ሸኩር ጣሪያውን አየ።

ካርቶኑ ተነሣ። ቀዳዳ፣ ዜሮ። ቀለሙ ወጥ። ሽታው ንጹህ።

"እሱ እኮ ገና አልተቆረጠም፣ ጥሬ ነው" አለ አብዱልፈታሕ።

"ቡናም ጉድለቱ የሚቆጠረው በጥሬው ነው" አለች ሔራን፣ አንደኛ ደረጃ ብላም ጻፈች።

ከዚያ የቡሎኖቹ ጉዳይ መጣ። ስምንት ቦታ ካልተበሳ እንደማይታሰር ሲነገር ቤቱ አዘነ፤ ለአንደኛ ደረጃ የሚፈቀደው እስከ ሦስት ጉድለት ነው። ሁለት ሰዓት ተመክሮ ስምንቱ ቀዳዳ "በአያያዝ የደረሰ መለስተኛ ጉዳት" ተብሎ በልዩ ሁኔታ ታለፈ፤ አራቱ የጭስ ቀዳዳዎች ግን አልተፈቀዱም።

አብዱልፈታሕ የተፈረመበት ደብዳቤ ተሰጠው፣ አሰረው። ሥራው እንከን አልነበረውም፤ የሞተሩን ፊት ፍቆ አጸዳ፣ ቡሎኖቹን ከመሃል ወደ ዳር እያፈራረቀ አጠበቀ። ወላሂ፣ እንዲህ ያማረ ስህተት በዕድሜው ሠርቶ አያውቅም።

ሸኩር ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ አንዴ ጉርር አለ፣ አንዴ ሳለ፣ ዝም አለ። ተጨበጨበ።

"አልነሣም እኮ፣ አቶ ገብረሥላሴ።"

"አጨሰ?"

"አላጨሰም።"

"ታዲያ ምን ፈለግህ?"

ይሄ ሁሉ ሲሆን ሐሙስ ተሲያት ደርሷል። ሸኩር ሰዓቱን አየ። "ናሙናውን በማኅበሩ አይሱዙ ይዤው ልብረር?"

"ዕቅዱ በቢሮው መኪና ነው የሚለው።"

"መኪናው አይንቀሳቀስም።"

"ዕቅዱ ይንቀሳቀስ አይልም። ይድረስ ነው የሚለው።"

እናላችሁ ዓርብ ጠዋት አይሱዙው ከነሾፌሩ ከፊት፣ የቢሮው መኪና በሰንሰለት ከኋላ፣ ሸኩር መሪውን ጨብጦ፣ ናሙናው ጎኑ ቁጭ ብሎ፣ ኮሚቴው አይሱዙው ጋቢና ውስጥ ተጠጋግቶ ጅማ ተገባ። ሸኩር አንድ ብልሃት አልረሳም፤ መስኮቱን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ በላብ ተጠምቆ ነው የደረሰው። ቀማሾቹ ፉት አሉ። ደግመው ፉት አሉ። "አበባ አበባ ይላል። አንደኛ ደረጃ።"

ሸኩር ለአፊፋ ደወለ። "አለፈ።"

"ጭስ አልሸተተም?"

"ያልተነሣ ሞተር ምን ይሸታል ብለሽ ነው።"

"አልሐምዱሊላህ። በሉ አሁን ቡናውን ቶሎ ጭናችሁ አድርሱልን፣ ዝናብ ሳይመጣ።"

ሰኞ ዕለት ኮሚቴው ለግምገማ ተሰበሰበ። ውጤቱ የጓርኒሲዮኑ መሆኑን ሁሉም መሰከረ። አቶ ገብረሥላሴ "በር የዘጋነው ለጭስ ነው፣ የከፈትነው ግን ለገበያ ነው" ብለው ንግግር አደረጉ። ከዚያ ሔራን እጇን አወጣች።

"አንድ የታዘብኩት ነገር አለ። መንገድ ላይ አይሱዙው ያጨስ ነበር።"



"ቡናውን በሙሉ የሚጭነው?" አሉ አቶ ገብረሥላሴ።

"እሱው።"

ሸኩር ከመቀመጫው ተነሣ። "እሱን እንኳ ተዉት፣ ማሎ፣ ያለን እሱ ብቻ ነው" አለ።

"ለዚያ ነው እኮ የምንጠነቀቅለት" አሉት፣ አብዱልፈታሕም ከነካርቶኑ ተጠራ።

የማኅበሩ የሩብ ዓመት ሪፖርት ባለፈው ሳምንት ወጥቷል፤ አንድም ውሸት የለበትም። የቡናው ደረጃ፣ አንደኛ። የሚያጨስ ተሽከርካሪ፣ የለም። ቡናው ያለበት ቦታ፣ መጋዘን።