ላሞቹ ያልተጠሩበት ምረቃ

አንድ ነገር ልንገራችሁና ከፈለጋችሁ ተቀየሙኝ፤ ጋዝ ያለውን ውሃ መጠጣት ለሰው ልጅ ያስተማረችው ላም ናት። እናንተ ክትፎው ከብዷችሁ «እስኪ አንድ አምቦ ውሃ!» ብላችሁ ከማዘዛችሁ በፊት፣ ጠርሙስም ቆርኪም ሳይታሰብ፣ በእኛ አገር ከብቱ ከመሬት እየተንተከተከ የሚወጣውን ጨው ጨው የሚል ውሃ ጠጥቶ ያገሳ ነበር። ይህን ውሃ ሆራ እንለዋለን። ሆራ ያልወረደች ላም ወተቷ ይጎድላል፣ ጠጉሯ ይቆማል፣ ጠባይዋም ይበላሻል። ሰው ቆይቶ ከላሟ ኮረጀና ቆርኪ ገጠመበት፤ ከዚያ ወዲያ ግኝቱ የራሱ መሰለው።

እኔ አምቦ ተወልጄ አምቦ ያደግሁ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ቤታችን አማርኛ፣ ሰፈራችን ኦሮምኛ ስለነበር በሁለቱም አፌን ፈትቻለሁ። ስለዚህ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ማስተርጎም የእኔ ዕጣ ነው። አበል የለውም፤ ምሳ ግን አለው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ ሸነን በሚወስደው መንገድ ዳር ላለች አንዲት ሆራ ባለሀብት መጣላት። ክፉ ሰው አልነበረም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንዲሉ፣ መጀመሪያ እየሳቀ ምንጩን ጎበኘ፤ ቀጥሎ ውሃውን በጠርሙስ ወስዶ አስመረመረ፤ ከዚያ ማሽን ተከለ፤ በመጨረሻም ለንጽሕና ሲባል ዙሪያውን በሽቦ አጠረው። ለሰፈሩ ወጣቶች ሥራ መስጠቱን አንክድም። ላሞቹን ግን ማንም አላማከራቸውም።

አዴ ጫልቱ ይህን በዝምታ የሚያልፉ ሴት አይደሉም። ባላቸው ሞተውባቸው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት ባሬዱ በምትባል አንዲት ላም ወተት ነው፤ ድምፃቸው ደግሞ ጊንጪ ላይ ቢናገሩ አምቦ ይሰማል። ሆራው ከታጠረ ወዲህ የባሬዱ ወተት እያነሰ ሄደ። አዴ ጫልቱ ከቢሮ ቢሮ ዞሩ። በየደረሱበት «ጉዳዩ እየታየ ነው» ተባሉ። «እናንተ አይታችሁ እስክትጨርሱ ላሜ ትነጥፋለች! ልጆቼን ምን ላብላቸው?» ብለው ጮኹ። ጩኸታቸውም አብሮ እየታየ ከረመ።

የፋብሪካው ምረቃ ቀን ደረሰ። ድንኳኑ ተተከለ፣ ሪባኑ ተወጠረ፣ ካሜራ መጣ። ባለሀብቱ ባህል አክባሪ መሆኑ እንዲታይለት ብሎ የአገር ሽማግሌውን ኦቦ ጉደታን ሆራውን እንዲመርቁለት ጋበዛቸው። ስህተቱ ይህች ናት። ሽማግሌን መጋበዝ ይቻላል፤ የሚሉትን መምረጥ ግን አይቻልም።

ኦቦ ጉደታ እርጥብ ሣራቸውን ይዘው ምንጩ ዳር ቆሙ። ግራ ቀኙን ቃኙ። ካሜራው ጠበቀ፣ እንግዳው ጠበቀ፣ እኔም አፌን ከፍቼ ጠበቅሁ።

«ሎን ሆ?» አሉ በመጨረሻ።

«ከብቶቹስ? እያሉ ነው» አልኩ።

«የምን ከብቶች?» አለ ባለሀብቱ።

ሽማግሌው እንዳስረዱት ሆራ ከብት በሌለበት አይመረቅም፤ መጀመሪያ ከብት ይጠጣል፣ ከዚያ ይመረቃል፣ ሰው የሚጠጣው ከሁሉም በኋላ ነው። እኔ ይህን ተርጉሜ ሳልጨርስ ራሳቸው በአማርኛ ጨመሩበት፤ «ልጄ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ እንዳይሆንብን።» ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ።

ባለሀብቱ «ታዲያ አሁን ከብት ከየት ይመጣል?» ብሎ በጆሮዬ አንሾካሾከ። ዞር ብሎ ቢያይ ኖሮ ባልጠየቀኝ። አዴ ጫልቱ የሰፈሩን ከብት ከእረኞቹ ጋር ነድተው፣ ባሬዱን ከፊት አድርገው፣ ሽቦው ጥግ ቆመዋል። ካሜራው እያየው ምን ያድርግ? «ክፈቱላቸው!» አለ።

ያን ቀን ብታዩ! ሹማምንቱ ሱሪያቸውን ሰብስበው ወንበር ላይ ወጡ። ሪባኑን የበጠሰው መቀስ ይዞ የተዘጋጀው እንግዳ ሳይሆን አንድ ቀይ ወይፈን ነው። ባሬዱ ምንጩ ላይ አፍንጫዋን ደፍታ ጠጣች፣ ጠጣች፣ ቀና ብላ አገሳች። እኔም ገለልተኛነቴን ረስቼ ከእረኞቹ ጋር ጮቤ ረገጥኩ።

ኦቦ ጉደታ ምርቃቱን በኦሮምኛ ጀመሩ። ይህን ውሃ ከከብት ጋር የተካፈለ እንዲለመልም መረቁ፤ ሕዝቡም «ይሁን» ሲል «ሃ ታኡ!» አለ። በከብት ላይ የዘጋ ደግሞ ምንጩ እንዲዘጋበት ጨመሩ። ባለሀብቱ ካሜራውን እያየ ከሁሉም ቀድሞ «አሜን!» አለ። ካለ በኋላ ነው ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «ምን አሉ?» ያለኝ።

አለሳልሼ ልነግረው እችል ነበር። ቃል በቃል ነገርኩት። ምንጩን አየ፣ ማሽኑን አየ፣ ኦቦ ጉደታን አየ። ያለ የሌለውን ጥሪቱን ምንጭ ላይ ያፈሰሰ ሰው በምንጭ እርግማን አይቀልድም። ድምፅ ማጉያውን ተቀበለና በሩ ለከብቱ ክፍት እንደሚሆን፣ ከምንጩ በታችም ገንዳ እንደሚያሠራ ቃል ገባ። እልልታው ቀለጠ፤ ከሁሉም በላይ የተሰማው የማን እንደሆነ አልነግራችሁም።

ገንዳው ተሠራ። የባሬዱም ወተት ተመለሰ፤ የከብቱ በር ቁልፍ ዛሬ አዴ ጫልቱ አንገት ላይ ነው። ባለሀብቱ ብልህ ነውና ጠርሙሱ ላይ ላም አሳለበት፤ ገበያው ደራለት ይባላል። እኔም አንዱን ጠርሙስ ወስጄ ለአዴ ጫልቱ አሳየኋቸው። አገላብጠው አዩትና «ባሬዱ ናት ማለታቸው ነው? ግራ ቀንዷ እንዲህ ቀጥ ያለ ነው እንዴ? አርሙት በላቸው» አሉኝ።

ፋብሪካው ሄጄ ተናገርኩ። «ጉዳዩ እየታየ ነው» ተባልኩ።

ይህንኑ ስነግራቸው አዴ ጫልቱ ፈገግ አሉ። «እንግዲያው ‹ኦቦ ጉደታ መጥተው ይመርቁላችሁ ወይ?› ብለህ ጠይቅልኝ» አሉኝ። ጠየቅኩ። እናንተም ጠርሙሱ በእጃችሁ ከገባ አስተውሉ፤ የላሟ ግራ ቀንድ ወደ ታች ጎበጥ ብሏል።