የቁሓ ሰው ልብ

ልብን የማናሸክመው ነገር የለም። ስናስጠነቅቅ «ልብ በሉ» እንላለን፣ ስንዘነጋ «ልብ አላልኩም»፣ ነዝናዛ ሲገጥመን «ልቤን አወለቀው»፤ ነገሩን አስቀድመን ጠርጥረን ከነበረማ «ልቤ ነግሮኝ ነበር» ብለን እንኩራራለን። ሠላሳ ዓመት አማርኛ ሳስተምር ይህችን የመጨረሻዋን ስንቴ ሰሌዳ ላይ ጽፌአታለሁ! ፈሊጥ ናት እያልኩ ነበር የማስተምረው። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

የእህቴ ልጅ ፍረወይኒ እንዳ ኢየሱስ ካለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ትማራለች፤ ኮምፒዩተር የልብ ድምፅ ሰምቶ በሽታ እንዲለይ ታስተምራለች። አትሳቁ፣ እኔም ስቄ ነበር። ዘዴዋ ግን ለአስተማሪ አይከብድም፤ የብዙ ጤነኛና የብዙ ታማሚ ልብ ትቀዳና «ይህ ጤነኛ፣ ይህ ታማሚ» እያለች ደጋግማ ታሰማዋለች፤ ልዩነቱን እሱ ራሱ ይለቅመዋል። ምኑን እንደለቀመ ግን አይናገርም። እንዲህ ያለ ተማሪ ገጥሞኝ ያውቃል፤ መልሱ ልክ ነው፣ እንዴት እንዳገኘው አይታወቅም። አብዛኛውን ጊዜ ኮርጆ ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ እኔ ወደምኖርባት ቁሓ መጥታ ማዳመጫዋን ደረቴ ላይ ለጥፋ ልቤን ቀዳችው። የሰፈሩንም ሰው ቀዳች፤ ከወሎ መጥቶ ከደጄ ፊት ለፊት ጫማ የሚሸጠውን ሰይድን ጭምር፣ ራሱን እንኳ ሲያመው አይቼ የማላውቀውን። ኮምፒዩተሩ ሁላችንንም ታማሚ አለን። ባለቤቴ በዚያው ዕለት ከወጡ ጨው ቀነሰች። ሰይድ «ጋሼ፣ አብሽር፤ አላህ ያለው ነው» እያለ ያጽናናኛል፣ እጁ ግን ከደረቱ አልወረደም። እኔም ፈራሁ፤ ሰው ሲሸመግል ሞትን አይፈራም የሚሉት ውሸት ነው። ተያይዘን ሐኪም ቤት ሄድን፤ ሐኪሙ በአልትራሳውንድ አየንና ልባችን ምንም እንደሌለበት ነግሮ ሸኘን።

ፍረወይኒ አፈረች። ቆፍራ ቆፍራ ጉዱን አገኘችው፤ ኮምፒዩተሩ ኮርጇል። መጀመሪያ ስታስተምረው የታማሚዎቹን ልብ የቀዳችው ቁሓ፣ የጤነኞቹን እንዳ ኢየሱስ ነበር። ቁሓ ደግሞ አውሮፕላን ማረፊያው ሥር ናት። ተማሪዋ ታዲያ ልብ አጥና ቢባል አውሮፕላን ሲያጠና ከርሞ፣ የሞተር ድምፅ የሰማበትን ሁሉ ታማሚ ይላል። ሳቅን፣ ጨውም ተመለሰ። እሷም የአውሮፕላኑን ድምፅ ከቅጂዎቹ አጥባ አወጣችና እንደገና ጠየቀችው።

አሁንም ታማሚ አለን።

በማግስቱ ስትመጣ አልሳቀችም። የጆሮ ማዳመጫ አጠለቀችልኝና ያልታጠበውን የራሴን ልብ ከፈተችልኝ። ድብ-ደብ፣ ድብ-ደብ ይላል፣ እንደ ሰው። ከዚያ ድንገት መሮጥ ጀመረ። ጸጥታ ነው፣ ምንም የለም፣ እሱ ግን ይሮጣል። ቆይቶ፣ ከሩቅ፣ አውሮፕላኑ መጣ።

«አኮይ» አለችኝ፣ አጎቴ ማለቷ ነው፣ «ቀድሞ ነው የሚደነግጠው። የሰይድም እንዲሁ ነው። የቁሓ ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው።»

በጦርነቱ፣ ቦምብ ፈርተን ሰማይ ሰማይ እያየን ያሳለፍነው ጊዜ አለ። እኛ ረሳነው ብለን ተቀምጠናል፤ ልባችን ግን ልብ ብሎት ኖሯል። «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» ይላሉ፤ ጆሮም ተራ ጠባቂ መሆኑን ማን ነገረን? ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆነብኝ፤ ልቤ ይሮጣል፣ ቁጭ ብዬ እቆጥራለሁ፣ ሃያ ሳልደርስ አውሮፕላኑ ይመጣል። አንድም ቀን ስቶ አያውቅም።

ትናንት ረፋዱ ላይ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ሳለ ልቤ ሮጠ። ቆጠርኩ። ሃያ አለፈ፣ መቶ አለፈ፣ የመጣ የለም። ለፍረወይኒ ደወልኩላት፤ ጠያይቃ መልሳ ደወለችና በዕለቱ ምንም በረራ እንደሌለ ነገረችኝ። ልቤ ግን አልቆመም። ያን ጊዜ፣ አንባቢዬ፣ ሐኪሙ ተሳስቶ ኮምፒዩተሩ ልክ በሆነ ብዬ ተሳልኩ። በሽታ ይሁንልኝ፤ በሽታስ መድኃኒት አለው።

ቀና ስል ሰይድ ከሱቁ ወጥቶ ቆሟል። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰማዩን ያያል። አየኝ፤ አብሽር አላለኝም።