አዋጅ የተቃወመው ጀሪካኔ

መርካቶ ውስጥ ሰው ማለት ሁለት ነው፤ ራሱና ጀሪካኑ። ሰውየው ሱቁ ውስጥ ይሸጣል፣ ይከራከራል፣ ሻይ ይጠጣል፤ ጀሪካኑ ደግሞ ቦኖ ፊት ወረፋ ይዞ ይጠብቀዋል። አንድ ሰው ሚዛን ቢያሳንስ፣ ደንበኛውን «ዛሬ ነገ» እያለ ቢያመላልስ ሰፈሩ ይቅር ሊለው ይችላል። የሌላውን ጀሪካን ወደ ኋላ ገፍቶ የራሱን ያስቀደመን ሰው ግን፣ እስቲ ማን ልጁን ይድርለታል?

የእኔ ጀሪካን ቢጫ ነው። ክዳኑ ስለጠፋ ባለቤቴ በበቆሎ ቆረቆንዳ ወትፋዋለች። ከሌላው እንዲለይም እጀታው ላይ ከአሮጌ ሸሚዜ የቀደደችውን ቀይ ጨርቅ አስራለታለች። ሸሚዙ አሮጌ መሆኑን የወሰነችው እሷ ናት፤ እኔ ገና እለብሰው ነበር።

ያን ሰሞን ወረዳችን ታላቅ ተጋድሎ ላይ ነበር። ከበላይ አንድ የውሃ አቅርቦት ረቂቅ አዋጅ መጣ፤ የእኛንም በዙሪያችን ያሉትን ከተሞችም ውሃ በአንድ መሥሪያ ቤት ሥር አድርጎ ሊያከፋፍል ነው ተባለ። የወረዳችን ሊቀመንበር በጣም ተቆጡ። (የሹመቱ ስም በየጊዜው ስለሚለዋወጥብን እኛ ሁሉንም ሊቀመንበር ነው የምንላቸው።) መኪና ላይ ሞንታርቦ አሰቅለው ከሰባተኛ እስከ ተክለ ሃይማኖት «ውሃችንን ለማንም አሳልፈን አንሰጥም!» ሲያሰኙ ዋሉ። እኔ ሱቄ ውስጥ ሆኜ ስሰማ ደነገጥኩ። ለካስ ውሃ ነበረን? በሳምንት አንድ ቀን፣ ያውም ደስ ካለው፣ የሚያስነጥሰውን ቧንቧ ከሆነ የፈለገ ይውሰደው ብዬ ነበር።

ሊቀመንበሩ ግን ሞኝ አይደሉም። ስብሰባ ሲባል ነዋሪው እንደሚሰወር ያውቃሉ። ስለዚህ ስብሰባው በውሃ ፈረቃችን ቀን እንዲሆን አደረጉ፤ አዳራሽ ገብቶ አዋጁን የተቃወመ ሰውም ወረዳው ግቢ ካለው ቦኖ ቅድሚያ ይቀዳል ተባለ።

ለእኔ ነገሩ ፖለቲካ አልነበረም። በማግስቱ የመጀመሪያ የልጅ ልጄ ክርስትና ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዘመድ አዝማዱ፣ በተለይም አዲሶቹ አማቾቻችን፣ እኛ ቤት ሊገቡ ነው። በርሜላችን ደግሞ ደርቋል። ባለቤቴ ጀሪካኑን አስጨበጠችኝና፣ እያመላለስክ በርሜሉን ካልሞላህ ለአማቾችህ እጅ ምን እንደምታፈስላቸው ከአሁኑ አስብበት አለችኝ።

በጠዋት አዳራሹ ደረስኩ። ሰዉ ሞልቷል፣ ሊቀመንበሩ የሉም። የመርካቶ ነጋዴ ሱቁን ዘግቶ ባዶ መድረክ ማየት ያመዋል። የብርድ ልብስ ጅምላ ነጋዴው ጎረቤቴ ጋሼ ሸምሱ ጥቂት ተቁነጠነጡና ተነሡ፤ ጀሪካናቸውን ወንበራቸው ላይ አስቀምጠው ወደ ሱቃቸው ሄዱ። ምን ችግር አለው? ወረፋ ወረፋ ነው። እኔም የፊት ረድፍ ላይ የእኔን አስቀመጥኩ። ሁሉም እንዲሁ አደረገ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ፊቱን ወደ መድረኩ አዙሮ፣ ጸጥ አለ። ወረዳችን እንዲህ ያለ ጨዋ ተሰብሳቢ አይቶ አያውቅም።

ሱቄ ተመልሼ ለአንድ ልብስ ሰፊ ዚፕ እያሳየሁ ሳለ «ውሃ መጣ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ዚፑንም ልብስ ሰፊውንም ትቼ ሮጥኩ። ሰፈሩ በሙሉ ሮጠ። ቦኖው ያን ቀን ምን እንደነካው እንጃ፣ እንደ ጉድ ይወርዳል። እኛም ፊቱ ተኮልኩለን ባዶ እጃችንን እንተያያለን። ጀሪካኖቻችን ስብሰባ ላይ ናቸው!

ወደ አዳራሹ ስንሮጥ በሩ ተዘግቷል። በመስኮት ሳይ ሊቀመንበሩ መጥተው፣ ፎቶ አንሺያቸውን አስከትለው፣ ለጀሪካኖቹ ንግግር ያደርጋሉ። እንዲያውም ሞቅ ብሏቸዋል። ጋሼ ሸምሱ መስኮቱን እየደበደቡ፣ ወላሂ እኔ ራሴ እቃወማለሁ፣ ጀሪካኔን ብቻ ስጠኝ አሉ። ሊቀመንበሩ ወደ መስኮቱ መጡና፣ አንድ ጀሪካን ቢወጣ ምልዓተ ጉባኤው እንደሚጎድል፣ ሪፖርቱ ደግሞ ዛሬውኑ ለበላይ መድረስ እንዳለበት በትሕትና አስረዱን። እንግዲያው እኛው ገብተን እንቀመጥ አልናቸው። ወንበር የለም፣ ሁሉም ተይዟል አሉን።

እኔ ለመንኳቸው። ነገ የልጅ ልጄ ክርስትና ነው፣ በቤቴ ጠብታ ውሃ የለም አልኳቸው። ፊታቸው በራ፤ እንኳን ደስ አለዎት፣ እኛም እኮ የምንታገለው ለልጅ ልጅዎ ውሃ ነው አሉና ወደ መድረካቸው ተመለሱ። እኔ ከኋላዬ የልጅ ልጄ ውሃ ቱቦ ለቱቦ ሲፈስ እሰማለሁ። ማልቀስ አማረኝ፤ ዕንባዬንም የምቀበልበት ዕቃ አልነበረኝም።

ከዚያ ድምፅ ተሰጠ። አዋጁን የሚደግፍ አለ? ዝም። ድምፀ ተአቅቦ? ዝም። ረቂቁ በሙሉ ድምፅ ተቃውሞ ገጠመው፤ ሊቀመንበሩም ብቻቸውን አጨበጨቡ። በሩ ሲከፈት እየተገፋፋን ገባን፣ ጀሪካኖቻችንን አንጠልጥለን በረርን። ቦኖው ስንደርስ አንዴ ተነፈሰና ቀጥ አለ።

በማግስቱ አማቾቻችን እጃቸውን በታሸገ ውሃ ታጠቡ። እንዲህ ያለ ክብር የትም አይተን አናውቅም እያሉ ሲመርቁን እኔ ጎንበስ ብዬ ከፕላስቲክ ጠርሙስ አፈሳለሁ፣ ባለቤቴ ደግሞ በዓይኗ ትቆነጥጠኛለች። ማዕዱ መሐል ላይ የልጄ አማት ስልካቸውን አውጥተው፣ ወረዳችሁ ትላንት ታላቅ ስብሰባ አድርጎ የለም እንዴ፣ ፎቶው ወጥቷል፤ እርስዎ የቱ ጋ ነዎት ብለው ጠየቁኝ።

አፌን ከመክፈቴ በፊት ባለቤቴ ጣቷን ዘረጋች። ከቤታችን የተላከው ይኸውላችሁ፣ ከፊት ረድፍ ቀይ ጨርቅ ያሰረው፤ እሱስ እስከ መጨረሻው ተቀምጧል አለች።