በአልጋው ቦታ የቆመው ባር

ጥር አስራ አምስት ቀን፣ ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ የቂርቆስ ታቦት ወጥቶ ሰፈሩ በእልልታ ሲናወጥ፣ ዘነበ የእናቱን አልጋ በመጋዝ ይቆርጥ ነበር። ታላቅ እህቱ ሸዋአየሁ እናታቸውን እማማ ሙሉነሽን ደግፋ፣ ታቦቱን ከመንገድ ዳር አሳይታ ስትመለስ፣ ራስጌው ወልቋል፤ ግርጌው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"ባር እየሠራሁ።"

ይህ መልስ እብደት የሚመስለው ኦሎምፒያ አካባቢ ያለውን የዘነበን መሥሪያ ቤት ለማያውቅ ሰው ነው። የክፍሉ ኃላፊ አቶ ሃድጉ ሳሎናቸው ውስጥ ባር ካሠሩ ወዲህ፣ ቤቱ ባር የሌለው ሠራተኛ አርቆ የማሰብ ችግር እንዳለበት ይገመታል። ባለፈው ዓመት ቡድን መሪ የሆኑት ሁሉ ባለ ባር ናቸው። አንደኛው የልጆቹን መኝታ ቤት ነው ባር ያደረገው፤ ልጆቹ አያታቸው ዘንድ ተልከዋል። ይህ ቆራጥነቱ በሥራ አፈጻጸም ግምገማው ላይ በጥንካሬ ተነሥቶለታል።

የዘነበ ቤት ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ነው። በአንዱ እሱ ይተኛል። በሳሎኑ የእማማ ሙሉነሽ የዋንዛ አልጋ አለ፤ ሸዋአየሁ ከሥሩ ፍራሽ አንጥፋ ታድራለች። አልጋውን ሟቹ ባላቸው ናቸው ያሠሩላቸው። ዘነበም የተወለደው እዚያው ላይ ነው። የእንጨቱን ጥራት የሚያውቀው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

"እማዬ፣ ለጊዜው ነው፤ ማድ ቤት እናነጥፍልሻለን፣ ሙቀትም አለው" አላቸው። "አቶ ሃድጉ መጥተው ይመርቁልኝ፣ ሹመቴ ይውጣ፣ በቃ፣ አዲስ አልጋ እገዛልሻለሁ።"

"እኔ በተጋደምኩበት ጠርሙስ ልታጋድም ነው?"

"ጠርሙስ አይጋደምም እማዬ። ይቆማል።"

"እንግዲያ ከእኔ ይሻላል። እኔ መቆሙ አቅቶኛል።"

ዘነበ ሙያውን የተማረው ከስልኩ ነው። አንድ ፈረንጅ ጋራዡ ውስጥ ባር ሲሠራ ደጋግሞ አይቷል። የፈረንጁ ጋራዥ ውስጥ እናት አልነበረችም።

የአልጋው ጎንና ጎን ተጋጥሞ ባንኮኒ ወጣው፤ ቫርኒሽ ተቀባ፤ በትልልቅ ብሎን ከግድግዳው ጋር ታሰረ። ዱካዎቹ ረጃጅም፣ ኮርኒሱ ደግሞ ዝቅ ያለ ስለሆነ የተቀመጠ ሰው አንገቱን መስበር ነበረበት። ዘነበ ይህንን የቪአይፒ አቀማመጥ አለው። ቀይ መብራት በተተከለ ማግስት አንድ መንገደኛ በሩን ገፋ አድርጎ "ድራፍት አላችሁ?" ሲል፣ ሸዋአየሁ በሀፍረት መሬት ብትገባ ወደደች። ዘነበ ግን ባሩ በኅብረተሰቡ ዘንድ ተቀባይነት ማግኘቱን ተናገረ።

የቀረው መጠጡ ነው። የዘነበ ደመወዝ የውጭ መጠጥን የሚያውቀው በስም ብቻ ስለሆነ፣ ከቆራሌ ባዶ የውስኪና የኮኛክ ጠርሙሶች መርጦ ገዛና ሸዋአየሁን ሻይ አስፈላት። ቀጠን ያለው ውስኪ ሆነ፤ ወፈር ያለው ኮኛክ። ምድጃው እማማ ሙሉነሽ ከተኙበት ፍራሽ አጠገብ ነው። ኮኛኩ በተፈላ ቁጥር የከሰሉ ጭስ ያፍናቸዋል።

"ዘኔ፣ እማዬ ደረቷን እያመማት ነው። ጭሱ አይሆናትም፣ ወደ ሳሎን ትመለስ።"

"ሸዌ፣ የምረቃ ፕሮግራም ተይዟል እኮ! ለሳል ተብሎ የተራዘመ ፕሮግራም ሰምተሽ ታውቂያለሽ?"

አቶ ሃድጉ ቅዳሜ ከሰዓት ሠራተኞቻቸውን አስከትለው መጡ። ሪባን ቆረጡ። ንግግርም አደረጉ።

"ወንድማችን ዘነበ ውስን ቦታን አሟጦ በመጠቀም አርአያ ሆኗል። ይህ ክፍል ትናንት መኝታ ነበር፤ ዛሬ ራእይ ነው!"

ተጨበጨበ። ጭብጨባው ሲበርድ ከማድ ቤት ረጅም ሳል ተሰማ።

"ማን ነው የታመመው?" አሉ አቶ ሃድጉ።

"ጎረቤት ናቸው" አለ ዘነበ።

ሸዋአየሁ የቆሎውን ሳህን አስቀምጣ ወደ ማድ ቤት ሄደች።

ዘነበ ለእንግዶቹ የገዛውን እውነተኛ ቢራ ሊከፍት ሲል፣ አቶ ሃድጉ በአገጫቸው መደርደሪያውን ጠቆሙ። "ተወው እሱን። ከዚያ ከኮኛኩ ቅዳ።"

ዘነበ ቀዳ። አቶ ሃድጉ አሸተቱ፤ ጎንጨት አሉ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ያረጀ ነው" አሉ። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ቀመሰ፤ ሁሉም ማርጀቱን መሰከረ። የሰው ኃይል አስተዳዳሪዋ ጽገረዳ ሁለተኛውን ብርጭቆ ስትጨርስ "ውይ፣ ሞቅ አለኝ! ዛሬ መኪናዬን አልነዳም" ብላ ቁልፏን ለመሥሪያ ቤቱ ሾፌር ሰጠች።

አቶ ሃድጉ ሲወጡ ዘነበን በክርኑ ሳብ አደረጉት። ሸዋአየሁ ከበሩ ጀርባ ነበረች።

"ስማ፣ ቅርንፉድ ጨምረህበታል አይደል?"

"ጌታዬ..."

"የእኔን ባለቤቴ ያለ ቅርንፉድ ነው የምታፈላው። ሽታው ያጋልጣል። ለወደፊቱ ይስተካከል።"

"ይስተካከላል ጌታዬ!"

እንግዶቹ እንደሄዱ ሸዋአየሁ ወንድሟ ፊት ቆመች። "በል፣ ተመርቆልሃል። አሁን ይሄን ንቀልና እናቴን ከጭስ አውጣልኝ።"

"ሹመቱ ሳይወጣ?" አላት ዘነበ፣ ከልቡ ደንግጦ።

እማማ ሙሉነሽ የካቲት ሃያ ስድስት ቀን ማድ ቤት ውስጥ አረፉ። አቶ ሃድጉ የመሥሪያ ቤቱን ሰው ይዘው ለቅሶ ደረሱ፤ መቀመጫው ስላልበቃ ባንኮኒውን ተደግፈው አጽናኑት። ዘነበ በመጋቢት ቡድን መሪ ሆነ።